ግማሹ ሁልጊዜ አሮጌ ነው

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት ሐረር ላይ ለተማሪዎችና ለወላጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። "ጻፍልን" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ያልኩትን እንዳልኩት፣ እዚህም እዚያም ትንሽ አስተካክዬ ይኸው። የማነሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምን ዋላችሁ!

እስቲ መጀመሪያ ይህን አውራ ጣቴን እዩልኝ። ከሦስት ሳምንት በፊት ሽንኩርት ስከትፍ ቢላው አዳለጠኝና እዚህ ጋ፣ ከጥፍሩ ሥር፣ ጥሩ አድርጎ ቆረጠኝ። በሶፍት ጠቅልዬ ይዤው ቆየሁ። አሁን ቀጭን መስመር ብቻ ነው የቀረው፤ እሱም ብርሃን ላይ ካላያችሁት አይታይም። አልተሰፋም፣ መድኃኒትም አልተቀባም። ከቁስሉ ግራና ቀኝ የነበሩ ሴሎች ናቸው አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት እየሆኑ ክፍተቱን የሞሉት።

አንድ ሴል ሁለት ከመሆኑ በፊት ግን ከባድ ሥራ ይጠብቀዋል። ውስጡ ያለውን ጽሑፍ በሙሉ መገልበጥ አለበት። ጽሑፉ ዲኤንኤ ነው። በአንድ የሰው ሴል ውስጥ ከእናት የመጣ 3 ቢሊዮን ገደማ፣ ከአባት የመጣ 3 ቢሊዮን ገደማ፣ በድምሩ ከ6 ቢሊዮን በላይ ጥንድ ፊደል አለ። ክሩ ቢዘረጋ 2 ሜትር ያህል ይሆናል። ይህ 2 ሜትር ተጠቅልሎ የሚኖረው የአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ በሚያህል ቦታ፣ ኒውክለስ በምንለው ውስጥ ነው። እኔ ወጥ ሳማስል፣ ማታ ስተኛ፣ ጠዋት ክፍል ገብቼ ሳስተምር፣ ይህ ሁሉ እዚህች ጣት ላይ እየተገለበጠ ነበር።

ዛሬ የማወራችሁ ስለዚህ ግልባጭ ነው። ሌላውን ሁሉ ብትረሱት እንኳ አንድ ነገር ይዛችሁ እንድትሄዱ እፈልጋለሁ። ሴል ሲገለብጥ አሮጌውን ለሁለት ይከፍለዋል፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ ግማሽ አዲስ ግማሽ ይሠራለታል። ስለዚህ የትኛውም ሴል ሲከፈል የሚወርሰው ዲኤንኤ ግማሹ አዲስ፣ ግማሹ አሮጌ ነው። ሁልጊዜ።

እኔ ይህን ተማሪ ሳለሁ ተምሬዋለሁ። ተምሬዋለሁ ስል፣ መምህራችን ሰሌዳውን በኖት ሞላው፣ እኛ ደብተራችን ላይ ገለበጥን፣ ለፈተና ሸመደድን። "ሄሊኬዝ ይከፍታል፣ ፖሊመሬዝ ይገነባል፣ ላይጌዝ ያያይዛል።" ሙሉ ነጥብ አገኘሁ። ምን እንደሚከፈት፣ ለምን እንደሚያያዝ ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኩም፣ የጠየቀኝም የለም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የእኔ ተማሪዎች በዚያው መንገድ ሲያልፉ ሳይ ደግሞ ይብስብኛል። እዚህ የቆምኩትም ለዚህ ነው።

ነገሩ የገባኝ መኪና ግርግር ነው። ሐረርን ለማታውቁ አንባቢዎች፣ መኪና ግርግር ጀጎል ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊድር መጋላ የሚወስደው የልብስ ሰፊዎች መንገድ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከስፌት መኪናዎቹ ድምፅ ነው። አንድ ቀን የጃኬቴ ዚፕ አንዱ ጎኑ ተበጣጥሶ ይዤው ሄድኩ። "ሌላ ዚፕ ገዝቼ ልምጣ?" አልኩት ሰፊውን። "ተወው፣ አንዱ ጎን ደህና ነው። ግማሹ ካለ ሌላው ግማሽ ምን እንደሆነ አውቃለሁ" አለኝ። ጥርሱን በጣቱ ዳሰሰው፣ ከሳጥኑ ውስጥ አገላብጦ ሌላ ግማሽ አወጣ፣ ሰፋው፣ የዚፑን ራስ ሽቅብ ሳበው። ጥርቅም ብሎ ገጠመ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ያን ሁሉ ዓመት ደብተር ላይ ስገለብጠው የነበረው ነገር እኮ ይኼው ነው!

ዲኤንኤ ዚፕ ነው በሉት። ጥርሶቹ፣ ቅድም ፊደል ያልኳቸው፣ አራት ዓይነት ናቸው፤ ኤ፣ ቲ፣ ጂ፣ ሲ እንላቸዋለን። ኤ የሚገጥመው ከቲ ጋር ነው፣ ጂ ከሲ ጋር። በአንዱ ጎን ኤ-ጂ-ጂ-ቲ-ሲ-ኤ ካለ፣ በሌላው ጎን ያለው ቲ-ሲ-ሲ-ኤ-ጂ-ቲ ነው። አንዱ ጎን ቢጠፋ ከሌላው ተነስታችሁ ታገኙታላችሁ።

ይህን በወሬ ብቻ ማለፍ ስላልፈለግኩ ከሰፊዎቹ ቁርጥራጭ ጨርቅ ለምኜ በቅርጫት ይዤ ነበር የሄድኩት። ስምንት ልጆች ወደ ፊት ወጡ። አራቱ በአንድ ረድፍ፣ አራቱ ፊት ለፊታቸው። ቀይ ጨርቅ የያዘ ፊት ለፊቱ አረንጓዴ፣ ቢጫ የያዘ ፊት ለፊቱ ሰማያዊ። እጅ ለእጅ ተያያዙ። "አሁን ልቀቁ" አልኳቸው። "ይኼኛው ረድፍ ወደ በሩ፣ ያኛው ወደ መስኮቱ። የተቀመጣችሁት ደግሞ ኑና ጨርቅ እያነሳችሁ የጎደለውን ሙሉ። ማንም ለማንም አይንገር።"

አንድ ደቂቃ አልፈጀም። በሩ ጋ ያው ጥንድ፣ መስኮቱ ጋም ያው ጥንድ፣ በዚያው ቅደም ተከተል። ይኼኔ ከኋላ የተቀመጠች የ7ኛ ክፍል ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ በሩ ጋ ካሉት ግማሾቹ የድሮዎቹ ናቸው። መስኮቱ ጋም ግማሾቹ የድሮዎቹ ናቸው" አለች። እኔ ልናገር ያሰብኩትን ቀድማኝ ተናገረችው። እሷ ያየችውን ለማረጋገጥ ሳይንቲስቶች ከ1953 እስከ 1958 ድረስ አምስት ዓመት ወስዶባቸዋል።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። በ1950 ኤርዊን ቻርጋፍ የተባለ ኬሚስት፣ በተለያዩ ፍጥረታት ዲኤንኤ ውስጥ የኤ መጠን ከቲ፣ የጂ መጠን ከሲ ጋር እኩል እየሆነ እንደሚያገኘው ጻፈ። ለምን እንደሆነ ግን ማብራሪያ አልነበረውም። በ1952 ለንደን ውስጥ ሮዛሊንድ ፍራንክሊን ከተማሪዋ ከሬይመንድ ጎስሊንግ ጋር ዲኤንኤን በኤክስሬይ አነሳች። "ፎቶ 51" ይባላል። መሐሉ ላይ የኤክስ ምልክት የሚመስል ቅርጽ ይታያል፤ ያ ቅርጽ ክሩ የተጠማዘዘ መሆኑን ለሚያውቅ ሰው ይናገራል። ምስሉ እሷ ሳታውቅ ለጄምስ ዋትሰን ታየ። በ1953 ዋትሰንና ፍራንሲስ ክሪክ ሁለት ክር ተጠማዝዞ፣ ፊደል ከፊደል ገጥሞ የሚታይበትን ቅርጽ አወጡ። ጽሑፋቸው ከአንድ ገጽ ብዙም አይዘልም። መጨረሻው አካባቢ ታዲያ፣ ፊደሎቹ በዚህ መልክ መጋጠማቸው የመገልበጫውንም ዘዴ እንደሚጠቁም ጠቀስ አድርገው አልፈዋል። ፍራንክሊን በ1958 በ37 ዓመቷ በካንሰር ሞተች። ኖቤሉ በ1962 ለዋትሰን፣ ለክሪክና ለሞሪስ ዊልኪንስ ተሰጠ። ስሟን ለልጆቻችሁ ንገሯቸው፣ አደራ።

መጠቆም ሌላ፣ ማረጋገጥ ሌላ። እዚሁ ሐረር ሸሪፍ ሙዚየም የገባችሁ በእጅ የተጻፉትን ቁርአኖች አይታችኋል። ያኔ መጽሐፍ የሚባዛው በሰው እጅ ነበር። ጸሐፊው አሮጌውን አጠገቡ ዘርግቶ፣ እያየ ባዶ ወረቀት ላይ ይጽፋል። ሲጨርስ አሮጌው እንዳለ አለ፤ አዲሱ ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አዲስ ነው። ሴልስ እንደዚህ ጸሐፊ ቢሆንስ? ወይም ደግሞ አሮጌውን ቆራርጦ ከአዲሱ ጋር እየቀላቀለ የሚጣጥፍ ቢሆንስ? ወይስ እንደ ዚፑ ነው? በወቅቱ ሦስቱም ሊሆኑ የሚችሉ ነበሩ። ማን ገብቶ ያያል?

በ1958 ማቲው ሜሰልሰንና ፍራንክሊን ስታል ካሊፎርኒያ ላይ ያደረጉት ሙከራ ይህን መለሰ። ቀስ ብዬ ልናገረው፤ ምክንያቱም በጣም የምወደው ሙከራ ነው። ዲኤንኤ ለመሥራት ናይትሮጂን ያስፈልጋል። ናይትሮጂን ደግሞ የተለመደው ቀላሉ አለ፣ ትንሽ ከበድ የሚለውም አለ። ሁለቱ ሰዎች ባክቴሪያዎችን ከባዱን ብቻ እየመገቡ ለብዙ ትውልድ አሳደጓቸው። ዲኤንኤያቸው በሙሉ ከባድ ሆነ። ከዚያ በአንዴ ምግቡን ቀየሩና ቀላሉን ብቻ ሰጧቸው። ከዚያች ሰዓት ወዲህ የሚሠራ ክር ሁሉ ቀላል ነው ማለት ነው። አሮጌው ከባድ፣ አዲሱ ቀላል። አሮጌና አዲሱን በክብደት ለዩት እንግዲህ! ዲኤንኤውን አውጥተው ከከባድ ጨው ውሑድ ጋር፣ በደቂቃ ከ40000 ጊዜ በላይ በሚዞር ማሽን ለ20 ሰዓት ያህል አሽከረከሩት። ከባዱ ወደ ታች፣ ቀላሉ ወደ ላይ፣ ሁሉም እንደየክብደቱ ቦታውን ይዞ መስመር ሠራ።

ባክቴሪያዎቹ አንድ ጊዜ ከተባዙ በኋላ ስንት መስመር የታየ ይመስላችኋል? አዳራሹን ስጠይቅ ብዙው "ሁለት!" አለ። አንድ ነው። ከከባዱና ከቀላሉ መካከል። እንደ ጸሐፊው ቢሆን አሮጌው መጽሐፍ ታች፣ አዲሱ ላይ፣ ሁለት መስመር መታየት ነበረበት። ጸሐፊው ወደቀ። ለሁለተኛ ጊዜ ሲባዙ ደግሞ ሁለት መስመር ታየ፤ አንዱ እዚያው መካከል ላይ፣ አንዱ ከላይ ቀላሉ ጋ። እየተቆራረጠ የሚጣጣፍ ቢሆን አሁንም አንድ መስመር ብቻ ነበር የሚሆነው። እሱም ወደቀ። የቀረው ዚፑ ነው። ሦስት ሐሳብ ገባ፣ አንድ ወጣ።

እሺ፣ አሁን ሥራው የሚሠራበት ቦታ እንግባ።

የዚፑን ጥርስ የሚያላቅቀው ሄሊኬዝ የሚባል ኢንዛይም፣ ማለትም ሴል ውስጥ ሥራ የሚያከናውን ፕሮቲን ነው። ያ በቃል የሸመደድነው ስም! ክሩን ቀለበት ሆኖ ይይዘውና ወደፊት እየገፋ ይከፍተዋል። እዚህ ላይ ወዲያው ችግር ይመጣል። ዲኤንኤ የተጠማዘዘ ነው፣ በየ10 ፊደሉ ገደማ አንድ ዙር። ከሁለት ክር የተገመደ ገመድ ወስዳችሁ ከአንድ በኩል ለመለየት ብትስቡት፣ ከፊት ያለው እየጠበቀ፣ እየተቋጠረ ይሄዳል አይደል? ሴል ውስጥም እንደዚያው ነው። ይህን የሚፈታው ቶፖአይሶመሬዝ የሚባለው ነው። የሚያደርገው ነገር ደፋር ነው፤ ክሩን ይቆርጠዋል፣ ውጥረቱ እስኪላላ ይለቀዋል፣ መልሶ ይቀጥለዋል። ፋርማሲ ሄዳችሁ "ሲፕሮ" የምትሉት መድኃኒት ሥራው እዚህ ላይ ነው። የባክቴሪያውን ቶፖአይሶመሬዝ ይይዘዋል። የተቆረጠው ክር ተመልሶ አይቀጠልም፣ ግልባጩ ይቆማል፣ ባክቴሪያው ይሞታል። የእኛው ኢንዛይም ቅርጹ ስለሚለይ በዚያ መጠን አይነካም። (ሐኪም ሳያዝ ግን አትውሰዱ። ያለ አግባብ በተወሰደ ቁጥር ጎበዞቹ ባክቴሪያዎች ተርፈው ይራባሉ፤ ይህን ከልቤ ነው የምለው።)

ዚፑ ከተከፈተ በኋላ ፊደል በፊደል አዲሱን ግማሽ የሚሰፋው ፖሊመሬዝ ነው። መጀመሪያ ያገኘው አርተር ኮርንበርግ በ1950ዎቹ አጋማሽ ነው፣ በ1959ም ኖቤል ተሸለመበት። ፖሊመሬዝ ሁለት አመል አለው። አንደኛ፣ ከባዶ አይጀምርም። ሌላ ኢንዛይም መጥቶ አጭር መነሻ ካላስቀመጠለት ንክች አያደርግም። ሁለተኛው አመሉ ነው ጉድ የሚያመጣው። የሚሰፋው ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው።

የዚፑ ሁለት ጎኖች ደግሞ ፊታቸውን የሚያዞሩት ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ነው። ስለዚህ በአንዱ ጎን ላይ ፖሊመሬዙ ሄሊኬዙን ተከትሎ ሳያቋርጥ ሊሰፋ ይችላል። በሌላኛው ጎን ግን ዚፑ ወደፊት እየተከፈተ እሱ መስፋት የሚችለው ወደ ኋላ ነው። ምን ያደርጋል? መኪና ግርግር ላይ ወደ ኋላ የማይሰፋ የድሮ መኪና የያዘ ሰፊ እንደሚያደርገው ያደርጋል። ትንሽ ሲከፈት ገብቶ አጭር ይሰፋል፣ ይነሳል፣ እንደገና ወደ አዲሱ መክፈቻ ይመለሳል፣ ሌላ አጭር ይሰፋል። እኛ ሴል ውስጥ እያንዳንዷ ቁራጭ ከ100 እስከ 200 ፊደል ናት። በኋላ ላይጌዝ ይመጣና ቁራጮቹን አያይዞ አንድ ክር ያደርጋቸዋል።

እነዚህን ቁራጮች ያገኙት ጃፓናውያን ባልና ሚስት ናቸው፣ ሬይጂና ሱኔኮ ኦካዛኪ፣ በ1960ዎቹ። ሬይጂ የሂሮሺማ ልጅ ነው። ቦምቡ ሲወድቅ ታዳጊ ነበር። በ1975 በደም ካንሰር ሞተ፣ ገና በ40ዎቹ ዕድሜው። ሱኔኮ ልጆቿን እያሳደገች ጥናቱን ቀጠለችበት። ዛሬ የዓለም ባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ "የኦካዛኪ ቁራጮች" እያለ ይማራል፤ ስሙ የሁለቱም መሆኑን ግን ሁሉም አያውቅም።

ይህን ሳስተምር ጎበዝ ተማሪ ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ አንድ ጥያቄ አለ። ለምን ወደ ሁለቱም አቅጣጫ የሚሰፋ ፖሊመሬዝ አልኖረም? ይህ ሁሉ መቆራረጥ ምን አመጣው? መልሱ ሲገባኝ ቁጭ ብዬ ነው ያሰብኩት። አዲስ የሚመጣው ፊደል ራሱን ከክሩ ጋር የሚያያይዝበትን ጉልበት ራሱ ተሸክሞ ነው የሚመጣው። ስንቁን ይዞ በሉት። ፖሊመሬዙ የተሳሳተ ፊደል ቢያስገባ ያንን ነቅሎ ይጥለዋል፤ ቀጣዩ ፊደል የራሱን ስንቅ ይዞ ስለሚመጣ ሥራው አይቋረጥም። ወደ ሌላው አቅጣጫ የሚሰፋ ቢሆን ኖሮ ግን ስንቁ የሚቀመጠው በክሩ ጫፍ ላይ ነው። የተሳሳተውን ስትነቅሉት ስንቁም አብሮ ይነቀላል፣ ክሩ እዚያው ቆሞ ይቀራል። እና ያ ሁሉ አጭር አጭር ስፌት፣ ያ ሁሉ መመላለስ፣ ስሕተትን ነቅሎ ማረም እንዲቻል የሚከፈል ዋጋ ነው።

ፍጥነቱን ልንገራችሁ። ባክቴሪያ ውስጥ በሰከንድ ወደ 1000 ፊደል ይሰፋል። እኛ ውስጥ ቀስ ይላል፣ በሰከንድ ወደ 50። ዲኤንኤያችን ክሮሞዞም በሚባሉ ክሮች ተከፋፍሎ ነው የሚቀመጠው፤ ትልቁ ክሮሞዞማችን 250 ሚሊዮን ያህል ፊደል አለው። ከአንድ ጫፍ ጀምሮ እስከ ሌላው ጫፍ በዚህ ፍጥነት ቢሄድ 58 ቀን ገደማ ይፈጃል፤ አስሉት። የእኔ ጣት ግን 58 ቀን አልጠበቀችም። ምክንያቱም መኪና ግርግር ላይ የሚሰፋው አንድ ሰው አይደለም። በአንድ ሴል ውስጥ ዚፑ የሚከፈትባቸው ቦታዎች በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ፤ ከእያንዳንዱ ቦታ ወደ ግራም ወደ ቀኝም ይሰፋል። ስለዚህ ሁሉም በ8 ሰዓት ገደማ ያልቃል። አንድ የሥራ ቀን ማለት ነው።

ስሕተቱስ? ፖሊመሬዝ ፊደል ሲመርጥ ከ100000 አንድ ጊዜ ያህል ይሳሳታል። እዚያው ነቅሎ ማረሙ ሲጨመርበት ከ10 ሚሊዮን አንድ ይሆናል። አሁንም በቂ አይደለም፤ በ6 ቢሊዮን ላይ መቶዎች ስሕተት ነው። ስለዚህ ከኋላ እየተከተለ የተሰፋውን የሚዳስስ ሌላ ቡድን አለ። ጥርሱ ያልገጠመበት ቦታ ላይ ክሩ ያብጣል፣ ቡድኑ ይነካዋል፣ ቆርጦ ያወጣዋል፣ እንደገና ይሰፋዋል። በመጨረሻ ከ1 ቢሊዮን ፊደል አንድ ስሕተት ያህል ነው የሚቀረው።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። ኤ ከሲ ፊት ለፊት ተቀምጧል እንበል። አይገጥሙም። የተሳሳተው ግን የቱ ነው? ኤው ነው ወይስ ሲው? ዝም ብሎ አንዱን ቢያወጣ ግማሹን ጊዜ ትክክለኛውን አጥፍቶ ስሕተቱን ያጸድቃል። ፖል ሞድሪች የተባለው አሜሪካዊ ለዓመታት የሠራው በዚህ ላይ ነው። በእነ ኢ. ኮላይ ባክቴሪያ ውስጥ የቆየ ክር ላይ ትንንሽ የኬሚካል ምልክቶች አሉ። ትኩሱ ክር ገና ምልክት አልተደረገበትም። አራሚው ምልክቱን አይቶ አሮጌውን ያምናል፣ አዲሱን ያርማል። በእኛ ሴል ምልክቱ ሌላ ነው፤ አዲሱ ክር ላይ የሚቀሩት ያልተያያዙ ክፍተቶች ይጠቁሙታል። ነገሩ ግን ያው ነው። አሮጌው ግማሽ አብሮ ባይኖር ማንን አይቶ ያርማል? ግማሹ አሮጌ የሆነው ለማረሚያም ነው እያልኳችሁ ነው።

ሞድሪች በ2015 ኖቤል ሲሸለም ከቶማስ ሊንዳልና ከአዚዝ ሳንጃር ጋር ነው። ሳንጃር ቱርክ ውስጥ ሳቩር በምትባል ትንሽ ከተማ ማንበብና መጻፍ ከማይችሉ ወላጆች የተወለደ ነው። ልጆቻቸው እንዲማሩ ግን ቆርጠው የተነሱ ነበሩ። እሱ ያጠናው ፀሐይ የምታደርሰውን ጉዳት ነው። የድሬዳዋን ፀሐይ ታውቃላችሁ፣ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ከዚራ መንገድ ላይ የቆመ ሰው ቆዳው ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ቲዎች እርስ በርስ ይጣበቃሉ። ጥርሱ የተጣመመ ዚፕ ማለት ነው፣ ፖሊመሬዙ እዚያ ሲደርስ ይደናቀፋል። ሴሉ ያንን ቁራጭ ከነአካባቢው ቆርጦ ያወጣና ከፊት ለፊቱ ካለው ግማሽ እያየ ይሞላዋል። እዚህም ሌላኛውን ግማሽ አይቶ ነው።

አንዳንዱ ስሕተት ያመልጣል። ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ከሚጻፍባቸው ፊደሎች አንዲት ኤ በቲ ስትተካ፣ ከሁለቱም ወላጅ ለወረሰ ልጅ ቀይ የደም ሴሉ ማጭድ መስሎ የሚጣመምበት በሽታ ነው። አንዲት ፊደል! ካንሰርም ውስጡ ሲታይ ያልታረሙ ስሕተቶች ጥርቅም ነው። በሌላ በኩል የሐረር ቡና ከጅማ ቡና የሚለይበት፣ የአንዱ ልጃችሁ ዓይን ከሌላው የሚለይበት መነሻውም ድሮ ያመለጠ ስሕተት ነው።

ሰው ራሱ ይህን ዚፕ ደጋግሞ እየከፈተ ዲኤንኤን የሚያባዛበት ዘዴ የታሰበው በ1983 ነው። ኬሪ ሙሊስ ነው ያሰበው። በኮሮና ጊዜ አፍንጫችሁ ውስጥ እንጨት እየገባ "ፒሲአር" የተባላችሁት እሱ ነው። ሄሊኬዝ የለም፤ በሙቀት ነው የሚከፈተው። ወደ 95 ዲግሪ ሲሞቅ ዚፑ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ፖሊመሬዙ ይሰፋል፣ እንደገና ይሞቃል። ተራ ፖሊመሬዝ በዚህ ሙቀት እንደ እንቁላል ይበስላል። ስለዚህ አሜሪካ የሎውስቶን ፍል ውኃ ውስጥ ከሚኖር ባክቴሪያ የተገኘውን ተጠቀሙ። አንድ ቁራጭ 30 ጊዜ እጥፍ ሲሆን ከ1 ቢሊዮን ይበልጣል።

ይህ ለእኛ ሩቅ ነገር አይደለም። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ወባ ባልተለመደ ጊዜ፣ በበጋ፣ ሲነሳ አኖፊለስ ስቴፈንሳይ የምትባለው ከእስያ የመጣች ትንኝ ከወረርሽኙ ጋር ተያይዛ ተገኝታለች። ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና ታንከር ውኃ ላይ ትራባለች። አገራችን መግባቷ መጀመሪያ የታወቀው በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ በተሰበሰቡ ትንኞች ነው። ትንኟ በዓይን ከሌሎቹ ጋር ልትምታታ ትችላለች። ማንነቷ የተረጋገጠው ዲኤንኤዋ በፒሲአር ተባዝቶ ሲነበብ ነው።

ጥያቄዎች ብዙ ነበሩ፣ ሁሉንም አልጽፍም። አንዲት እናት ስለ እርጅና ጠየቀች። አጭሩ መልስ፦ ፖሊመሬዝ ከባዶ ስለማይጀምር የክሩ የመጨረሻ ጫፍ ሳይገለበጥ ይቀራል፣ በየግልባጩም ትንሽ ያጥራል። ለዚህ ጫፉ ላይ ቴሎሜር የሚባል ትርጉም አልባ ድግግሞሽ እንደ ትርፍ ጨርቅ ተትቶለታል። ኤልዛቤት ብላክበርን፣ ካሮል ግሪደርና ጃክ ሾስታክ በ2009 ኖቤል ያገኙት በዚህ ነው። ማርጀት ግን ከዚህ የሰፋ ነገር ነው፤ "ቴሎሜር ያስረዝማል" ብሎ ኪኒን የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

መጨረሻ ላይ ከጀርባ አንድ ሽማግሌ ተነሱ። ጨርቁን ከሰጡኝ ሰፊዎች አንዱ ናቸው፤ መነጽራቸው አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል።

"አቦ፣ አንድ ጥያቄ አለኝ" አሉኝ። "ግማሹ ሁልጊዜ አሮጌ ነው አልክ። ያ አሮጌው ደግሞ ከሌላ አሮጌ ነው። የኔ አሮጌ ግማሽ መጀመሪያ የተሰፋው የት ነው?"

"አባባ፣ ልንገርህ" አልኳቸው። (ሐረር ላይ ሽማግሌም አንተ ነው የሚባለው፣ ቅር የሚለው የለም።) "አንተ ስትጀመር አንድ ሴል ነበርክ። ግማሹ ከአባትህ፣ ግማሹ ከእናትህ። የአባትህ ዘር ሁልጊዜ አዲስ እየተገለበጠ ነው የሚመረተው፣ የእሱ ገና ትኩስ ነበር። የእናትህ ግን ሌላ ነው። ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። የእንቁላሉ ዲኤንኤ የሚገለበጠው ገና ፅንስ ሳለች ነው፤ ከዚያ በኋላ እስኪፈለግ ድረስ፣ 20 ዓመትም ይሁን 40 ዓመት፣ ሳይገለበጥ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ስለዚህ ከእናትህ ያገኘኸው ክር የተሰፋው እናትህ በእናቷ ሆድ ውስጥ እያለች ነው።"

ትንሽ ዝም አሉ።

"አያቴ እኔ ሳልወለድ ነው የሞተችው" አሉ። "መልኳንም አላውቀውም፣ ፎቶም የላትም።"

"ክሩ እሷ ሆድ ውስጥ ነው የተሰፋው" አልኳቸው።

"እሷ በበላችው?"

"እሷ በበላችው።"

መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉና ተቀመጡ።